ጥርስ ለማስነቀል ቀን መቁጠር

አዲስ አበባ ውስጥ ባምቢስ አካባቢ የጥርስ ክሊኒክ ፍለጋ ሩቅ አያስኬድም። ከዚያ ተነስተው ወደ እስጢፋኖስ ቢወርዱም ወደ ካዛንቺስ ቢወጡም ነጭ መንጋጋ የተሳለበት ታፔላ አያጡም። በእነዚህ ክሊኒኮች የእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ላይ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፦ «እህቴ፣ ፔሬዴ መጥቶብኛል፤ ቀጠሮውን ባዛውረው አይሻልም?» ጠያቂዋ ከኢሲኤ ግቢ በምሳ ሰዓት ብቅ ያለች ሠራተኛ ልትሆን ትችላለች፤ የሆቴል አልጋ ስታነጥፍ ያደረች ወይም መንገድ ዳር ቡና የምታፈላም ልትሆን ትችላለች። የምታገኘው መልስ እንደ ጠረጴዛው ይለያያል። አንዷ «ምንም አይልሽም፣ ነይ» ትላታለች፤ ሌላዋ «ለሳምንት ላድርግልሽ» ብላ ቀጠሮ ትቀይርላታለች። ለምን እንደሆነ ግን ሁለቱም አያስረዷትም።

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። የሕክምና መጽሔቶች ከአርባ ዓመት በላይ ሲነጋገሩበት ኖረዋል፤ መልሱም ጠያቂዋ ከምትጠብቀው በተቃራኒ ነው የተገኘው።

ፍርሃቱ ከየት እንደሚመጣ መገመት አይከብድም። ሰውነት በአንድ በኩል እየደማ በሌላ በኩል ቁስል ቢከፈትበት ደሙ አልቆም ይላል የሚል ሐሳብ ነው። እዚህ አገር ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል ብዬ እጠረጥራለሁ። በወር አበባዋ ሰሞን ቤተ መቅደስ ሳትገባ ከእስጢፋኖስ ቅጥር ሆና የምትሳለም ሴት፣ እነዚያን ቀናት ከብዙ ነገር የምትቆጠብባቸው አድርጋ ነው ያደገችው። ያ ሥርዓት የራሱ ምክንያትና የራሱ ቦታ አለው፤ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ግን የሚፈርደው ሌላ ሕግ ነው።

በመጀመሪያ የመድማቱን ነገር እንይ። የወር አበባ የሚፈሰው የሴቲቱ ደም የመርጋት አቅም ስላነሰ አይደለም። የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ሲላቀቅ ደሙ እዚያው ይረጋና እዚያው ባሉ ኬሚካሎች ተመልሶ ይሟሟል፤ ፈሳሽ ሆኖ የሚወጣውም ስለዚህ ነው። ይህ ሥራ የማህፀን የቤት ውስጥ ጉዳይ ነው፤ መንጋጋ ድረስ የሚዘልቅ ትእዛዝ የለውም። ጤነኛ ሴት በወር አበባዋ በሁለተኛው ቀን ጣቷን ቢላ ቢቆርጣት ደሙ የሚቆመው በሌላ ጊዜ በሚቆምበት ፍጥነት ነው። ጥርስ ሲነቀልም እንዲሁ። ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ጋዝ ነክሳ ብትቀመጥ ጉድጓዱ በረጋ ደም ይሞላል።

ዋናው ጉዳይ የሚጀምረው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ያ የረጋ ደም ለቁስሉ ክዳንም ነው፣ አዲስ ሥጋ የሚበቅልበት መደብም ነው። ክዳኑ ቀድሞ ከተነሳ ወይም ከሟሟ ከሥሩ ያለው አጥንት ባዶውን ይቀራል። ሐኪሞች ይህን «ድራይ ሶኬት» ይሉታል፤ በ1896 እ.ኤ.አ. ክሮፎርድ የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ያወጣለት ስም ነው። የደረሰበት ሰው አይረሳውም። ጥርሱ በተነቀለ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ባለው ቀን፣ «እሰይ ተገላገልኩ» በተባለ ማግስት፣ ከጥርሱ ሕመም የባሰ ሕመም ይነሳል። ወደ ጆሮ ይወጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ አፍ ላይ መጥፎ ጠረን ያመጣል፣ ማስታገሻም እምብዛም አይደፍረውም። በተራ የጥርስ መንቀል ከ100 ሰዎች ከ1 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ ይደርሳል፤ የታችኛው የአእምሮ ጥርስ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ ግን በአንዳንድ ጥናቶች እስከ 30 የተቆጠረበት ጊዜ አለ።

የረጋው ደም ለምን ይሟሟል? በ1973 እ.ኤ.አ. ቢርን የተባለ የዴንማርክ ተመራማሪ ያቀረበው ማብራሪያ እስከ ዛሬ ዋናው ሆኖ ቆይቷል። ሰውነታችን ደም የሚያረጋ ብቻ ሳይሆን የረጋውን የሚያፈርስም መሣሪያ አለው፤ ይህ ባይኖር ኖሮ በየደም ሥራችን የረጋ ደም ተጠራቅሞ በገደለን ነበር። አፍራሹ ፕላዝሚን ይባላል። አጥንት ሲጎዳ ወይም ቁስል ሲያመረቅዝ ፕላዝሚኑ ያለ ጊዜው ይነቃና ክዳኑን ያፈርሳል። የሴቶች ሆርሞን ወደ ታሪኩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ኤስትሮጅን ሲበዛ ይህ የማፍረስ ኃይል ከፍ ይላል።

የእርግዝና መከላከያ ኪኒን አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው። የመጀመሪያዎቹ ኪኒኖች የያዙት ኤስትሮጅን ዛሬ ካሉት በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። በሰባዎቹ ዓመታት የአፍ ቀዶ ሐኪሞች ኪኒን የሚወስዱ ሴቶች በድራይ ሶኬት ደጋግመው ሲመለሱባቸው አስተዋሉ። በ1980 እ.ኤ.አ. ካቴላኒና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጽሑፍ ከዚያ በኋላ በየመማሪያ መጽሐፉ የተገለበጠውን ምክር ሰጠ፦ ኪኒን የምትወስድ ሴት ጥርሷን በኪኒኑ ዑደት ከ23ኛው እስከ 28ኛው ባለው ቀን ብታስነቅል ይመረጣል። እነዚህ ቀናት ሆርሞን የሌላቸው ናቸው። እኛ አገር በሚታወቀው ባለ 28 ፍሬ ማሸጊያ ብናየው፣ ሆርሞን ያላቸው 21ዱ ፍሬዎች አልቀው 7ቱ የብረት ፍሬዎች የሚዋጡበት ሳምንት ማለት ነው። አብዛኛዎቹ ሴቶች በዚያው ሳምንት ነው ደም የሚያዩት።

ልብ በሉ፤ ምክሩ ከወር አበባ ሽሺ አይልም። ወደ እሱ ተጠጊ ነው የሚለው።

ኪኒን ስለማትወስድ ሴትስ? በኢራን የማሽሃድ ከተማ ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት የሚወደድ ዘዴ ነበረው። የግራና የቀኝ የታች አእምሮ ጥርሳቸውን የሚያስወጡ ሴቶችን ወሰዱና አንዱን ጥርስ በወር አበባ ሰሞን፣ ሌላውን በዑደቱ መካከል ኤስትሮጅን ከፍ በሚልበት ጊዜ አወጡላቸው። እያንዳንዷ ሴት ከራሷ ጋር ነው የተነጻጸረችው፤ አጥንቷም ምግቧም ያው ነው። ድራይ ሶኬት የበዛው በዑደቱ መካከል ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ያቺ የባምቢስ ጠያቂ ቀጠሮዋን ወደ ዑደቷ መካከል ብታሸጋግር፣ ጥናቱ ትክክል ከሆነ፣ ከተሻለው ቀን ሸሽታ ወደ ባሰው መሄዷ ነው።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ካላንደር ይዤ ቀን ልቁጠር የምትል አንባቢ ትኖር ይሆናል። ከመቁጠሯ በፊት አንድ ነገር ትስማኝ። እነዚህ ጥናቶች የተሠሩት ወር እየጠበቀ የሚመላለስ ዑደት ወይም የኪኒን ማሸጊያ ባላቸው ሴቶች ላይ ነው። የእኛ አገር ሁኔታ ሌላ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና አነስተኛ ጥናት እንደሚያሳየው ከ100 ባለትዳር ሴቶች 27ቱ ይጠቀሙ የነበረው በየሦስት ወሩ የሚወጋውን መርፌ ነው፤ 9ኙ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን። ኪኒን የሚውጡት 2 ብቻ ነበሩ። መርፌውም ሆነ የክንዱ የሚሠሩት ፕሮጄስቲን በተባለው ሆርሞን ብቻ ነው፤ ኤስትሮጅን የላቸውም። ዲፖ የሚባለውን ይህን መርፌ የምትወጋ ሴት ከጥቂት ዙር በኋላ የወር አበባዋ ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል፤ እሷን «ስንተኛ ቀንሽ ነው?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም። ከፋርማሲ ድንገተኛ መከላከያውን፣ ፖስት ፒልን፣ ገዝታ የዋጠችም ብትሆን ያው ነው፤ የሚቀጥለው ወር አበባዋ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ሊመጣ ስለሚችል ቆጠራው ይፋለስባታል። በመማሪያ መጽሐፍ የመጣው የ23ኛው ቀን ምክር ኢትዮጵያ ውስጥ የሚመለከተው እጅግ ጥቂት ሴቶችን ነው፤ የሚመለከታቸውም ቢሆኑ የዛሬው ኪኒን የያዘው ኤስትሮጅን ያኔ ከተጠናው ያነሰ ነው።

ስለ ኪኒን ካነሳን ሌላም ነገር በችኮላ ልንካ። «ከጥርስ በኋላ የታዘዘልኝ አንቲባዮቲክ መከላከያዬን ያበላሽብኛል» የሚል ስጋት አለ። አሞክሳሲሊንና ሜትሮኒዳዞል እንዲህ አያደርጉም። የሚያደርገው ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ነው። የቲቢ መድኃኒት ላይ ያለች ሴት ይህን ከሐኪሟ ጋር ብትነጋገርበት መልካም ነው፤ የጥርስ ጉዳይ ግን አይደለም።

ወደ ወር አበባና ጥርስ እንመለስ። እኔ እንደማምነው ከሴቲቱ ሊጠየቅ የሚገባው የወር አበባዋ የሚመጣበት ቀን ሳይሆን ብዛቱ ነው። በመካከለኛ ግምት አንዲት ሴት በአንድ ዑደት ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ደም ታፈሳለች። 80 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ወደ አንድ የቡና ሲኒ የሚጠጋ መጠን ሲያልፍ፣ ሐኪሞች በዝቷል ይላሉ። ማንም ደሙን አይለካም፤ ስለዚህ በምልክት ነው የሚታወቀው። ሞዴሱ በሰዓት በሁለት ሰዓት ይርሳል፣ ለመቀየር ሌሊት ያስነሳል፣ ከሰባት ቀን ያልፋል፣ ትልልቅ የረጋ ደም ይወጣል። በዚህ ላይ ነስር የሚደጋግማት፣ ትንሽ ነካ ሲያደርጋት ሰውነቷ የሚበልዝ ከሆነ፣ ቀደም ሲል ጥርስ አስነቅላ ሌሊቱን ሙሉ ስትተፋ ያደረች ከሆነ፣ ነገሩ የቀን ቆጠራ መሆኑ ይቀራል።

ለምን እንደሆነ የአንዲት ልጅ ታሪክ ያስረዳል። በ1924 እ.ኤ.አ. ፊንላንድ ውስጥ ኤሪክ ፎን ቪለብራንድ የተባለ ሐኪም ዘንድ ከኦላንድ ደሴቶች የመጣች ሂዮርዲስ የምትባል የ5 ዓመት ልጅ ቀረበች። ከንፈሯ ላይ የደረሰ ቁስል ለቀናት እየደማ ሞት አፋፍ አድርሷት ያውቃል። እህቶቿም በመድማት ሞተዋል። ሐኪሙ በ1926 እ.ኤ.አ. ስለ ቤተሰቡ ጻፈ፤ ሕመሙ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ሂዮርዲስ ግን አላደገችም። በ13 ዓመቷ፣ በአራተኛው የወር አበባዋ ደሟ ፈስሶ ሞተች። ሕመሙ በዘር ከሚተላለፉ የመድማት ችግሮች ሁሉ በብዛት የሚገኘው ሲሆን፣ ወንድንም ሴትንም ይይዛል። ቀለል ያለው ዓይነት ያላት ሴት ሳታውቀው ለዓመታት ትኖራለች፤ ወሯ ሲበዛባት «የእናቴም እንዲሁ ነበር» ትላለች፤ እውነቷን ነው፣ ከእናቷ ወርሳው ሊሆን ይችላል። ምስጢሩ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ወይ በወሊድ ወይ በጥርስ ወንበር ላይ ነው። በዚህ በኩል የጥርስ ሐኪሙ ስለ ወር አበባ መጠየቁ ነውር አይደለም፤ ሳይጠይቅ ጉጠቱን ማንሳቱ ነው የሚያስወቅሰው።

በነገራችን ላይ ለሁለቱም፣ ለበዛ የወር አበባም ለማይቆም የጥርስ ደምም፣ የሚሰጠው መድኃኒት አንድ መሆኑ ያስደስተኛል። ትራኔክሳሚክ አሲድ ይባላል። የረጋው ደም እንዳይፈርስ ፕላዝሚንን ያግዳል። ለወር አበባ በፍሬ ይዋጣል፤ ለጥርስ አፍ ውስጥ ይጉመጠመጣል ወይም በጋዝ ተነክሮ ይነከሳል። ያገኙት ጃፓናውያኑ ባልና ሚስት ኡታኮና ሾሱኬ ኦካሞቶ ናቸው፤ ሥራቸው የታተመው በ1962 እ.ኤ.አ. ነው። የኡታኮ ምኞት በወሊድ ጊዜ ደም ለሚፈሳቸው እናቶች እንዲውል ነበር፤ በአገሯ ያሉት ሐኪሞች ግን አልሰሟትም። ከ20,000 በላይ እናቶች የተሳተፉበት ዓለም አቀፍ ሙከራ መድኃኒቱ እናቶችን ከሞት እንደሚያድን በ2017 እ.ኤ.አ. ሲያሳውቅ እሷ ካረፈች አንድ ዓመት ሆኗት ነበር።

ወራቸው የሚበዛባቸው ሴቶች ሌላም ነገር ይዘው ነው ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት፦ የደም ማነስ። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያት ከ100ው 24ቱ የደም ማነስ ነበረባቸው። ደም ያነሳት ሴት ትንሽ ብትደማ እንኳ ታዞራለች፤ ለቁርጠቱ ብላ ጠዋት አስፕሪን ከዋጠች ደግሞ ደሟ ለመቆም ይዘገያል። ቁርጠት ያለባት ፓራሲታሞል ወስዳ ብትመጣ፣ ቁርስ ቀምሳ ብትመጣ፣ የወሰደችውን ብትናገር ይበቃል።

የሚጠበቅበት ቀን አልፎ የወር አበባዋ ያልመጣ ሴት ጉዳይ ለብቻው ነው። መናገር አለባት። እርጉዝ ብትሆን እንኳ የታመመ ጥርስ ይነቀላል፤ ሊቆይ የሚችል ከሆነ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ የመድኃኒቱ ምርጫም ይለወጣል። «ነፍሰ ጡር ጥርስ አትነቀልም» ተብላ ዘጠኝ ወር በመግል የምትሰቃይ እናት ራሷንም ፅንሷንም ነው የምትጎዳው።

ይህ መግል የሚባለው ነገር ነው ቀን መቁጠርን ውድ የሚያደርገው። የሚቆይ ጥርስ አለ፤ ለምሳሌ ያልታመመ ነገር ግን ጠማማ የሆነ የአእምሮ ጥርስ። ለእሱ ማሽሃድንም ካቴላኒንም ማማከር ይቻላል። የማይቆይም አለ። ከታችኛው መንጋጋ ሥር ያመረቀዘ ጥርስ መግሉን ወደ ምላስ ሥርና ወደ አንገት ሊለቅ ይችላል፤ እብጠቱ የአየር ቧንቧን ይዘጋል። ጀርመናዊው ሉድቪግ በ1836 እ.ኤ.አ. የገለጸው ይህ ሁኔታ ዛሬም ይገድላል። አገጭ ሥር ያበጠባት፣ አፏን መክፈት ወይም ምራቅ መዋጥ ያቃታት፣ ትኩሳት የያዛት ሴት ስንተኛ ቀኗ ቢሆንም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መሄድ አለባት።

ቀጠሮ ማዛወር እንደ ድሮው ቀላል አለመሆኑንም ልጨምር። የኮሪደር ልማቱ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስን ሲያነሣ ብዙ ነዋሪ ወደ ገላን ጉራ ሄዷል። ትናንት ከቤቷ በእግሯ ወርዳ ትታከም የነበረች ሴት ዛሬ ለምታውቀው ሐኪም ብላ ከከተማው ጫፍ ነው የምትመጣው። እሷን «ወርሽ ሲያልቅ ተመለሺ» ማለት የአንድ ቀን ደሞዝና የትራንስፖርት ዋጋ ማስከፈል ነው፤ ያውም በሳይንስ ላልተደገፈ ምክንያት።

ድራይ ሶኬትን ለመሸሽ ሆርሞንን ከመጠበቅ የሚቀልና የሚበልጥ ነገር ደግሞ በእጃችን አለ። ትልቁ ጠላት ሲጋራ ነው፤ ሺሻም ያው ነው። ጫት ጉንጭ ውስጥ ተወትፎ፣ ጭማቂው እየተመጠጠ፣ በላዩ ሲጋራ ሲጨስበት ለቁስሉ የሚተርፍ ዕድል ትንሽ ነው። ለስላሳ በስትሮ መሳብና ደጋግሞ መትፋት ክዳኑን ነቅሎ ያወጣል። በመጀመሪያው ቀን የሚፋጅ ቡና ይቅር፤ ይህ እዚህ ከተማ ከባዱ ትእዛዝ መሆኑን አውቃለሁ፣ አቦሉ በረድ ሲል የሚከለክል ግን የለም። መጉመጥመጥም በመጀመሪያው ቀን አይደረግም፤ በማግስቱ ግን ለብ ያለ ጨው በውኃ ቁስሉን ያጸዳል። ምግቡ አያስቸግርም፤ አጥሚቱ፣ ለብ ያለ ሽሮው፣ ሾርባው ሁሉ በጾምም ይገኛል።

ሕመሙ ከመጣ ደግሞ ክሊኒኩ ጉድጓዱን አጥቦ መድኃኒት ያስቀምጥበታል። መድኃኒቱ ሲሸት ለኢትዮጵያዊት አፍንጫ እንግዳ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ዩጂኖል አለበት፣ ዩጂኖል ደግሞ ሻይ ውስጥ የምንጨምረው የቅርንፉድ ዘይት ዋና ንጥረ ነገር ነው። አያቶቻችን የታመመ ጥርስ ላይ ቅርንፉድ ያስነከሱት በከንቱ አልነበረም። ሆኖም የተጋለጠ አጥንት ላይ ጥሬ ቅርንፉድ ወይም ፌጦ መጠቅጠቅ ሌላ ቁስል ይፈጥራል፤ የማጠቡን ሥራ ለባለሙያው መተው ይሻላል።

ቀን መምረጥ ለምትወድ ሴት የማቀርበው ቆጠራ ግድግዳ ላይ ካለው ካላንደር ነው። ድራይ ሶኬት የሚነሳው በአብዛኛው ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ነው። ዓርብ የተነቀለ ጥርስ ሕመሙን እሑድ ይዞ ይመጣል፤ ያኔ ክሊኒኩ ዝግ ነው። በበዓል ዋዜማ የተነቀለም እንዲሁ፤ ዶሮ ወጥ እየሸተታት አጥሚት የምትጠጣው ሳይቆጠር። ሰኞ ወይም ማክሰኞ ጠዋት የተነቀለ ግን ደሙ ባይቆም ከሰዓት በኋላ፣ ሕመሙ ቢነሳ ረቡዕና ሐሙስ የነቀለላት ሐኪም ሥራው ላይ ነው። ጠዋት መሆኑ ደግሞ ገላን ጉራ ለምትመለሰው ሴት ሳይመሽባት ታክሲ ለመያዝ ይረዳታል።